ምዕራፍ ሰባት፦ የአምስተኛው ወር ልብ

የመጨረሻ የወር አበባዋን በመስቀል ዕለት፣ መስከረም 17 ያየች የታች ጋይንት እናት፣ የፅንሷ ልብ በአልትራሳውንድ በደንብ የሚታይበት ጊዜ ከጥር ማርያም እስከ የካቲት ማርያም ያለው አንድ ወር ነው። ከዚያ በፊት ልቡ ገና ትንሽ ነው። ከዚያ በኋላ የጎን አጥንቶቹ እየጠነከሩ ጥላ ይጥላሉ፤ ልጁም ቦታው እየጠበበው ይሄድና ጀርባውን ሰጥቶ ሊተኛ ይችላል። በሕክምናው አቆጣጠር ይህ ወር ከ18ኛው እስከ 22ኛው ሳምንት ገደማ ያለው ጊዜ ነው።

ስሌቱ ለእኛ የዘመን አቆጣጠር ይመቻል። ወሮቻችን 30 ቀን ስለሆኑ 18 ሳምንት 4 ወር ከ6 ቀን፣ 22 ሳምንት ደግሞ 5 ወር ከ4 ቀን ይሆናል። አዋላጆቻችን የመውለጃ ቀን የሚያወጡትም በዚሁ መንገድ ነው። የመጨረሻው የወር አበባ በጀመረበት ቀን ላይ 9 ወር ከ10 ቀን ይደምራሉ። በመሀል ጳጉሜን ካለች 9 ወር ከ5 ቀን፣ ጳጉሜን 6 በምትሆንበት ዓመት ደግሞ 9 ወር ከ4 ቀን ነው። በመስቀል የቆጠረችው እናት ቀኗ ሰኔ 27 ላይ ይውላል።

በዚህ ምዕራፍ የማየው በዚያ አንድ ወር ውስጥ በፅንሱ ደረት ላይ ምን እንደሚፈለግ ነው። ስለ አልትራሳውንድ ሲወራ ሁሉም የሚጠይቀው ስለ መሣሪያው ነው፦ አለ ወይስ የለም፣ ዘመናዊ ነው ወይስ አሮጌ። እኔ ግን አስቀድሜ የምጠይቀው እናቲቱ በስንተኛው ሳምንት እንደመጣች ነው። በዘጠነኛው ወር ላይ የመጣችን እናት በጣም ውዱ መሣሪያም ብዙ አይረዳትም፤ በአምስተኛው ወር ለመጣችው ግን በእጅ የሚያዘው ትንሹ መሣሪያ እንኳ ለክፉ ነገር ፍንጭ ሊሰጥ ይችላል።

በታች ጋይንቷ አርብ ገበያ ዙሪያ ባሉት ቀበሌዎች እርግዝና በሳምንት አይቆጠርም። «የወር አበባሽን መጨረሻ ያየሽው መቼ ነው እህቴ?» ብላ አዋላጇ ስትጠይቅ መልሱ «እንጃ ሲስተር፣ ጤፍ ሲታጨድ ይመስለኛል» ሊሆን ይችላል። ይህ መልስ የማይረባ አይደለም። አጨዳው ከኅዳር ሚካኤል በፊት ነበር ወይስ በኋላ፣ የገና ጾም ገብቶ ነበር ወይ፣ እየተባለ ሲጠየቅ ቀኑ ወደ አንድ ሳምንት ልዩነት ይጠባል። ትልቁ ችግር እናቲቱ የምትመጣበት ጊዜ ነው። ሆድ ሳይገፋ እርግዝናን ማውራት ያሳፍራል፤ የሰው ዓይን ያስፈራል፤ ጽንሱ ቢወርድስ የሚል ስጋትም አለ። በ2011 ዓ.ም. በተደረገው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና አነስተኛ ጥናት መሠረት ከ100 እናቶች 74ቱ ቢያንስ አንድ ጊዜ በጤና ባለሙያ የእርግዝና ክትትል አድርገዋል፤ አራት ጊዜና ከዚያ በላይ የተከታተሉት ግን 43 ብቻ ናቸው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2016 ያወጣው ምክር ስምንት ጊዜ ይላል፤ ከ24ኛው ሳምንት በፊትም አንድ ጊዜ አልትራሳውንድ እንዲታይ ያዛል። ያ «ከ24ኛው ሳምንት በፊት» የሚለው ሐረግ ለጋይንት፣ ለስማዳና ለእስቴ እናት ከምክሩ ሁሉ የሚከብደው ክፍል ነው።

አልትራሳውንድ ድምፅ ነው፤ ጨረር አይደለም። «ጨረሩ ልጄን ይጎዳብኛል» ብለው የሚሸሹ ስላሉ ይህን ቀድሜ መናገር እፈልጋለሁ። በበሽሎ ሸለቆ አፋፍ ቆሞ የተጣራ እረኛ ድምፁ ከማዶው ገደል ተመልሶ ይመጣለታል፤ ማዶው ቅርብ ከሆነ ቶሎ፣ ሩቅ ከሆነ ዘግይቶ። መሣሪያው የሚሠራው በዚሁ በገደል ማሚቶ ነው። ባለሙያዋ ሆድ ላይ የምታሳርፈው ፕሮብ በሰከንድ ከ2 እስከ 5 ሚሊዮን ጊዜ የሚርገበገብ ድምፅ ይልካል፤ የሰው ጆሮ ከ20 ሺህ በላይ ያለውን አይሰማም። ድምፁ በሰውነት ውስጥ በሰከንድ 1540 ሜትር ያህል ይጓዛል፤ መሣሪያው የመመለሻውን ጊዜ እየለካ ጥልቀቱን ያሰላል። አጥንት ድምፁን አብዝቶ ስለሚመልሰው ነጭ ሆኖ ይታያል፤ ውሃና ደም ስለሚያሳልፉት ጥቁር ይሆናሉ፤ ሥጋው በመሀል ግራጫ ነው። አየር ደግሞ ድምፁን አያሳልፍም፤ ሆድ ላይ ያ ቀዝቃዛ ጄል የሚቀባውም በቆዳውና በፕሮቡ መካከል አየር እንዳይቀር ነው።

ከዚህ አንድ የሚደንቅ ነገር ይከተላል። የተወለደ ሰው ሳንባ አየር ስለሞላው አልትራሳውንድ ዘልቆ ሊያየው አይችልም። የፅንስ ሳንባ ግን በፈሳሽ የተሞላ ነው፤ ድምፅ እንደ ልብ ያልፍበታል። የሰው ልጅ ደረት ለድምፅ ሙሉ በሙሉ ክፍት የሚሆነው በማህፀን ሳለ ብቻ ነው ማለት ይቻላል።

ለዚህ ምርመራ መንገዱን የጠረገው የግላስጎው የማህፀን ሐኪም ኢያን ዶናልድ ነው። በፋብሪካ የብረት ስንጥቅ ለማግኘት የሚያገለግለውን የድምፅ መሣሪያ ወደ ሰው ሆድ አመጣው፤ ከመሐንዲሱ ቶም ብራውንና ከሐኪሙ ጆን ማክቪካር ጋር ሆኖም ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ1958 አሳተመ። የፅንስን ልብ በዝርዝር ማንበብ የተጀመረው ግን ከ20 ዓመት በላይ ቆይቶ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ ለንደን ላይ የሠራችው ሐኪም ሊንድሲ አለን በዚህ ስሟ ቀድሞ ይነሣል።

ልብ መምታት የሚጀምረው ጽንስ ከተፈጠረ በ22ኛው ቀን ገደማ ነው፤ በዚያ ጊዜ ብዙ እናቶች ማርገዛቸውን እንኳ አላወቁም። መጀመሪያ አንድ ቀጥ ያለ ቱቦ ነው። ቱቦው ይታጠፋል፣ ውስጡ ግድግዳ ይሠራል፤ በሁለተኛው ወር መጨረሻ አራት ክፍል ያለው ልብ ተሠርቶ ያልቃል። ስለዚህ አልትራሳውንድ ልብን አይሠራም፣ አያስተካክልም፤ የተሠራውን ያሳያል እንጂ። መከላከያው ከእርግዝና በፊት ነው፦ የስኳር ሕመም ያለባት ስኳሯን ማስተካከል፣ የሚጥል በሽታ መድኃኒት የምትወስድ ሐኪሟን ማማከር፣ ፎሊክ አሲድ መጀመር። የቅርብ ዘመዳሞች ጋብቻ የልብ ችግርን እንደሚያበዛ በብዙ አገር ታይቷል፤ እስከ ሰባት ቤት የሚቆጥረው የአገራችን ልማድ በዚህ በኩል ልጆቻችንን ሲጠብቅ ኖሯል ብዬ አምናለሁ።

በማህፀን ውስጥ የደም ዝውውር ከተወለደ ሰው ይለያል። ፅንሱ አየር አይስብም፤ ኦክስጅን የሚያገኘው ከእንግዴ ልጁ በእትብቱ በኩል ነው። ሳንባው ሥራ ስላልጀመረ ልቡ ከሚረጨው ደም ወደዚያ የሚሄደው ጥቂቱ ነው። የቀረው በሁለት አቋራጮች ያልፋል፤ አንዱ በሁለቱ የላይ ክፍሎች መካከል ያለ ቀዳዳ ነው፤ ሌላው ወደ ሳንባ የሚሄደውን ደም ቅዳ ከዋናው ደም ቅዳ ጋር የሚያገናኝ አጭር ቱቦ ነው። ልጁ ተወልዶ ሲተነፍስ ሁለቱም መዘጋት ይጀምራሉ።

ለአንድ የገጠር ቤተሰብ ይህ ዕውቀት ትልቅ ነገር ይፈታለታል። ክፉ የልብ ጉድለት ያለበት ልጅ በማህፀን ሳለ በአቋራጮቹ እየተረዳ በደንብ ሊያድግ፣ ክብደቱ ሞልቶ እያለቀሰ ሊወለድ ይችላል። ቤቱ እልል ይላል። በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን ቱቦው ሲዘጋ ልጁ ይጠቁራል፣ ጡት መሳብ ያቅተዋል፣ ትንፋሹ ይፈጥናል። ክርስትና ሳይነሣ ከሚያልፉት ሕፃናት መካከል እንዲህ ያሉት አሉ፤ «ምች መታው»፣ «ዓይን ነው» እየተባለ ተቀብረዋል። እናቲቱ አጠፋችው የሚባል ነገር የለም። ቱቦውን ለጊዜው ክፍት የሚያቆይ ፕሮስታግላንዲን የሚባል መድኃኒት አለ፤ ግን ችግሩ ቀድሞ የታወቀለት፣ መድኃኒቱ ባለበት ቦታ የተወለደ ልጅ ነው የሚያገኘው።

ወደ ስክሪኑ እንምጣ። ባለሙያዋ ፕሮቡን በፅንሱ ደረት ላይ አግድም ስታሳርፍ ክብ ምስል ይወጣል። በአንድ ወገን የጀርባ አጥንት ነጭ ሆኖ ይታያል፤ ከዚያ በግራና በቀኝ የጎን አጥንት እንደ ቅስት ይዞራል። ጥሩ ባለሙያ በመጀመሪያ ልቡን አትመለከትም። የፅንሱ ራስ ወዴት እንደሆነ፣ ጀርባው በየት በኩል እንዳለ አይታ የልጁን ግራና ቀኝ ትለያለች፤ የስክሪኑ ግራ የልጁ ግራ ላይሆን ይችላልና። ከዚያ ጨጓራውን ትፈልጋለች፤ ሆዱ ውስጥ ያለች ጥቁር ክብ ነገር ናት። ጨጓራውና ልቡ ሁለቱም በልጁ ግራ በኩል መሆን አለባቸው። አንዱ ግራ ሌላው ቀኝ ከሆነ ከዚህ በኋላ ያለው ምርመራ በጥርጣሬ ይቀጥላል።

ቀጥሎ መጠን ነው። በ20ኛው ሳምንት ልቡ ከ2 ሴንቲ ሜትር ብዙም የማይበልጥ ነው፤ የደረቱን ሲሶ ይይዛል። ከዚያ በላይ ከሆነ ልብ አብጧል ወይም ደረቱ ጠቧል። ጫፉ ወደ ግራ 45 ዲግሪ ገደማ ማዘንበል አለበት። ከዚያ አራቱ ክፍሎች፦ ሁለት ከላይ፣ ሁለት ከታች፣ ጎን ለጎን ተቀራራቢ ስፋት ያላቸው፣ በመሀላቸው ግድግዳዎቹና ቫልቮቹ ተገናኝተው መስቀል የሚሠሩ። የግራው የታች ክፍል ጠብቦ መስመር ብቻ ከሆነ፣ ወይም የመስቀሉ መሀል ክፍት ከሆነ፣ ይህ ያለ ማመንታት ወደ ላይ የሚላክ ነገር ነው።

አራት ክፍል ማየት ብቻውን ግን አይበቃም፤ ብዙዎች የሚቆሙት እዚህ ላይ መሆኑ ያሳዝነኛል። ሁለቱ ትልልቅ ደም ቅዳዎች ቦታ የተለዋወጡበት ልብ አራት ክፍሉ ፍጹም ጤነኛ መስሎ ሊታይ ይችላል። ለማግኘት ፕሮቡን ጥቂት ወደ ልጁ ራስ አቅጣጫ ማዘንበል ያስፈልጋል። ያኔ ከግራው ክፍል የሚወጣው ዋናው ደም ቅዳና ከቀኙ ወደ ሳንባ የሚወጣው አንዱ በሌላው ላይ ተሻግሮ ሲያልፍ ይታያል። ሳይሻገሩ ትይዩ ሆነው ከወጡ ቦታ ተለዋውጠዋል ማለት ነው። ልጁ በደህና ከተኛ ይህ የጥቂት ደቂቃ ሥራ ነው፤ ካልተኛ እናቲቱ ተነሥታ ትንሽ ዞር ዞር ብላ ትመለሳለች።

የማይታይም አለ። ሁለቱ አቋራጮች በፅንስ ሁሉ ክፍት ስለሆኑ ከተወለደ በኋላ አልዘጋም የሚሉትን ከወዲሁ መለየት አይቻልም። በአገራችን በብዛት የሚታየው ከቶንሲል ሕመም በኋላ የሚመጣው የልብ ቫልቭ በሽታም ከማህፀን የሚነሣ አይደለም። «አልትራሳውንድ ታይቼ ነበርኮ» ብሎ ባለሙያን መውቀስ ሁልጊዜ ትክክል የማይሆነው ለዚህ ነው።

የልብ ምት በደቂቃ ከ110 እስከ 160 ነው። እዚህ ላይ ደስ የሚል ነገር አለ፦ ከ200 በላይ እየሮጠ ያለ የፅንስ ልብ ብዙ ጊዜ በማህፀን ሳለ ይታከማል። እናቲቱ እንደ ዲጎክሲን ያለ መድኃኒት በሐኪም ክትትል ትውጣለች፤ መድኃኒቱ በእንግዴ ልጁ በኩል አልፎ የልጁን ልብ ያረጋጋል። በደቂቃ 50 ወይም 60 ብቻ የሚመታ ልብ ሲገኝ ደግሞ የእናቲቱ ደም ይመረመራል፤ እሷ ምንም ሳይሰማት በደሟ ያለ ፀረ አካል የልጁን የልብ ምት መስመር ጎድቶት ሊሆን ይችላልና።

ልብ ከቦታው ተገፍቶ ሲገኝ ገፊው ይፈለጋል። ደረትንና ሆድን የሚለየው ድያፍራም ቀዳዳ ከኖረው ጨጓራና አንጀት ወደ ደረት ይወጣሉ፤ ከ3 ሺህ ልደት አንድ ገደማ እንዲህ ይሆናል፤ አብዛኛው በግራ በኩል ነው። ያኔ ያቺ ጥቁር ክብ ጨጓራ ሆድ ውስጥ መሆኗ ቀርቶ ከልቡ ጎን ትታያለች፤ ልቡም ወደ ቀኝ ይገፋል። ጉዳቱ ቀዳዳው አይደለም፤ ቀዳዳ ይሰፋል። ጉዳቱ ሳንባው ቦታ አጥቶ አለማደጉ ነው። ስለዚህ የቀረው ሳንባ ይለካል፤ ከልጁ ራስ ዙሪያ ጋር እየተነጻጸረም የመትረፍ ተስፋው ይገመታል።

ሳንባ ለማደግ ከቦታ ሌላ የሽርት ውሃ ይፈልጋል። ፅንሱ ደረቱን ከፍ ዝቅ ያደርጋል፤ በስክሪኑ ላይ በግልጽ ይታያል። አየር አይደለም የሚስበው፤ ይህ እንቅስቃሴና በሳንባው ውስጥ ያለው ፈሳሽ ሳንባውን ያሳድጉታል። በአምስተኛው ወር የሽርት ውሃው ፈስሶ ያለቀ ወይም ከመጀመሪያው ያልነበረ ከሆነ ሳንባው ትንሽ ሆኖ ይቀራል። «ውሃ ይንጠባጠባል» የምትልን እናት በአምስተኛው ወር «ሽንት ነው» ብሎ መመለስ ለዚህ አደገኛ ነው።

የሳንባን መጠን እንጂ መብሰሉን አልትራሳውንድ አይነግረንም። መብሰሉን የሚነግረን ሳምንቱ ነው። ኒውዚላንዳውያኑ ሊጊንስና ሃዊ እ.ኤ.አ. በ1972 እንዳሳዩት ያለ ጊዜዋ ልትወልድ ለተቃረበች እናት የሚሰጥ የስቴሮይድ መርፌ የልጁን ሳንባ መብሰል ያፋጥናል። እ.ኤ.አ. በ2020 ደግሞ ውጤቱ በታተመው፣ የዓለም ጤና ድርጅት በባንግላዴሽ፣ በሕንድ፣ በኬንያ፣ በናይጄሪያና በፓኪስታን 2,852 እናቶችን ይዞ ባደረገው ጥናት ዴክሳሜታዞን የጨቅላዎችን ሞት ከ23.5 ወደ 19.6 በመቶ ዝቅ አድርጓል። መርፌው ርካሽ ነው። ነገር ግን በዚያ ጥናት የተሰጠው ከ26 እስከ 34 ሳምንት ላለ እርግዝና ነው፤ ዕድሜውም በአልትራሳውንድ የተረጋገጠ ነበር። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት የተለካ ፅንስ ዕድሜው በሳምንት ልዩነት ውስጥ ይታወቃል፤ ከሰባተኛው ወር በኋላ የተለካ ግን እስከ ሦስት ሳምንት ሊያሳስት ይችላል። «ሰባት ወሬ ነው» ብላ ምጥ ይዟት የመጣች እናት የ30 ሳምንት ይሁን የ35 ማን ያውቅላታል? በጊዜው የተነሣች አንዲት የአልትራሳውንድ ወረቀት ካለቻት አዋላጇ መርፌውን ለመስጠት አታመነታም።

አሁን ስለ ጤና ጣቢያው በግልጽ ልናገር። በአገራችን በጤና ጣቢያ ደረጃ በተንቀሳቃሽ አልትራሳውንድ የሚያዩ አዋላጆች አጭር ሥልጠና ይወስዳሉ። የሚፈትሹት ፅንሱ አንድ ነው ወይስ መንታ፣ ልቡ ይመታል ወይ፣ እንግዴ ልጁ የት ተቀመጠ፣ የሽርት ውሃው ይበቃል ወይ፣ አመጣጡ በራስ ነው ወይ፣ ዕድሜው ስንት ነው የሚሉትን ነው። እናት የሚያድን ሥራ ነው። ሆኖም ከዚያ ክፍል «ልጅሽ ደህና ነው» ተብላ የወጣች እናት የልጇ ልብ ክፍል በክፍል ታይቷል ማለት አይደለም። ይህን ማወቅ መብቷ ነው። ባልና ሚስት ሁልጊዜ «ወንድ ነው ሴት?» ብለው ይጠይቃሉ፤ «አራቱን የልብ ክፍሎች አይታችኋል? ጨጓራው ከድያፍራሙ በታች ነው?» ብለው ቢጠይቁ ባለሙያዋ አትቀየምም፤ ካላየች ወደሚያይ ትልካቸዋለች።

የሚላኩበት መንገድ ረጅም ነው። ከአርብ ገበያ ወደ ነፋስ መውጫ፣ ከዚያ በወረታ ወልድያ መንገድ በጉና ግርጌ ወደ ደብረ ታቦር፤ ከዚያም ባሕር ዳር ላይ ፈለገ ሕይወት ወይም ጥበበ ግዮን፣ አለዚያ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል። የስማዳ ሰው ከወገዳ፣ የእስቴ ሰው ከመካነ ኢየሱስ ይነሣል። የልብ ቀዶ ሕክምና ሲያስፈልግ አዲስ አበባ ነው፤ በጥቁር አንበሳ ግቢ ያለው የልብ ማዕከል በ2001 ዓ.ም. ተከፍቷል፤ የሕፃናት የልብ ሐኪሙ ዶክተር በላይ አበጋዝ ለዓመታት የደከሙበት ተቋም ነው። በዓለም ዙሪያ ከ1,000 ሕፃናት 8 ያህሉ የልብ ጉድለት ይዘው ይወለዳሉ። በዓመት ከ3 ሚሊዮን በላይ ሕፃናት በሚወለዱባት ኢትዮጵያ ይህ ከ24 ሺህ በላይ ማለት ነው፤ ብዙው ቀላል ቢሆንም የቀዶ ሕክምናው ወረፋ ለምን በሺዎች እንደሚቆጠር ከዚህ መረዳት ይቻላል። መንገዱም ሁሌ ክፍት አይደለም። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ነፋስ መውጫ ሲደርስ የጤና ተቋማት ተዘርፈዋል፤ ከዚያም ወዲህ የአማራ ክልል ሰላም አላገኘም።

ታዲያ ሩቅ ከሆነ ማየቱ ምን ይጠቅማል የሚል ይኖራል። በአምስተኛው ወር የታወቀ ችግር ለቤተሰቡ አራት ወር ይሰጠዋል። ገንዘብ ይሰበሰባል፣ ባሕር ዳር ወይም አዲስ አበባ ዘመድ ይፈለጋል፣ እናቲቱ ምጧ ሳይመጣ ሆስፒታሉ አጠገብ ታርፋለች። በሦስተኛው ቀን የጠቆረ ጨቅላ ታቅፎ መኪና ከመለመን ይህ እጅግ ይሻላል። ችግሩ ከቶ የማይድን ሆኖ ሲገኝ ደግሞ የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 551 ከባድና የማይድን ጉድለት ያለበትን እርግዝና ለማቋረጥ ይፈቅዳል፤ አላቋርጥም የምትልም እናት አለች፤ ከባሏና ከንስሐ አባቷ ጋር መክራ የምትወስነውን ባለሙያው ሊያከብርላት ይገባል።

በሪፈር ወረቀት ላይ «አልትራሳውንድ ለማየት» ብቻ ተጽፎ የሚላኩ እናቶች ሲያጋጥሙ ያሳዝናል፤ ተቀባዩ ከዜሮ ይጀምራልና። የመጨረሻው የወር አበባ ቀን፣ በመጀመሪያው ምርመራ የተለካው ዕድሜ፣ የልብ ምቱ፣ ምን እንዳጠራጠረ፣ እነዚህ ከተጻፉ ሆስፒታሉ በዚያው ቀን ወደ ትክክለኛው ሐኪም ያደርሳታል። ከዚህ በፊት የልብ ጉድለት ያለበት ልጅ የወለደች እናትም በሚቀጥለው እርግዝና እንዲህ ያለ ልጅ የመውለድ ዕድሏ ከሌላው ሰው ከፍ ይላል፤ ከ100 2 ወይም 3 ገደማ ይሆናል። ስለዚህ እሷ የወር አበባዋ እንደቀረ ለጤና ኤክስቴንሽኗ ትንገር፣ የቀድሞውን ልጅ ታሪክ ካርዷ ላይ ታስመዝግብ፤ ለአምስተኛው ወር ምርመራም ደብረ ታቦር ወይም ባሕር ዳር ቀጠሮ ከወዲሁ ይያዝላት።